ቅርጾችን የመነካኪያ ገጽ አድርጎ ስለመሥራት፦ በኦርካፍሌክስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ቧንቧ፣ ገመድ ወይም ሰንሰለት ከጠንካራ አካል ጋር ሲነካካ በሲሙሌሽን ለማስላት የሚሞክሩ መሐንዲሶችና ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

ቅርጽ ምንድን ነው? ለምንስ ያስፈልገኛል?

ኦርካፍሌክስ በሰሜን እንግሊዝ በአልቨርስተን ከተማ የሚገኘው ኦርሲና የተባለ ኩባንያ የሚሠራው ሶፍትዌር ነው። ቧንቧዎች፣ የመልሕቅ ሰንሰለቶች፣ ተንሳፋፊ አካላትና መርከቦች በማዕበል፣ በውኃ ፍሰትና በነፋስ ምን እንደሚሆኑ ያሰላል። ቧንቧው ባሕሩንና የባሕሩን ወለል ከመጀመሪያው ያውቃቸዋል። መርከቡ ራሱ ያለውን ወለል፣ የኋላውን ጠርዝ፣ የመድረኩን ምሰሶ ግን አያውቃቸውም። እነዚህን ለማሳወቅ የሚያገለግለው ቅርጽ ነው።

ቅርጽ ማለት እንደ ሳጥንና ሲሊንደር ያለ ቀላል የጂኦሜትሪ አካል ሲሆን፣ «ጠንካራ አካል ነህ» ሲሉት ወደ ውስጡ የገባውን ነገር መልሶ ይገፋል። ከዚህ ሌላ ውኃ የሚይዝ አካል (የታሰረ ውኃ)፣ ወይም ለዓይን ብቻ የሚታይ ሥዕል ማድረግም ይቻላል። ስለዚህ አዲስ ቅርጽ ሲጨምሩ በመጀመሪያ የሚወስኑት ከእነዚህ ሦስት ሥራዎች የትኛውን እንደሚሰጡት ነው።

መርከቡ በስክሪኑ ላይ በግልጽ ይታያል። ታዲያ ገመዱ ለምን በመሐሉ ያልፋል?

የሚያዩት መርከብ ሥዕል ስለሆነ ነው። የመርከቡ እንቅስቃሴ የሚሰላው ለማዕበል ከሚሰጠው ምላሽ መረጃ ሲሆን፣ በስክሪኑ ላይ የሚታዩት መስመሮች ወይም ያማረው ባለ ሦስት ገጽታ ምስል በስሌቱ ውስጥ ምንም ድርሻ የላቸውም። ገመዱ እንዲያርፍበት የሚፈልጉት ቦታ ሁሉ የራሱ ቅርጽ ያስፈልገዋል። መርከቡን በሙሉ በቅርጽ መሸፈን ግን አያስፈልግም፤ ገመዱ በእርግጥ የሚደርስባቸውን ጥቂት ገጾች ብቻ መሥራት ይበቃል።

የትኛውን ቅርጽ ልምረጥ?

ሳጥን ለመርከብ ወለል፣ ለግድግዳና ለኮንክሪት ብሎክ ይሆናል። ሲሊንደር ለምሶሶዎች፣ ለተንከባላይ ዘንጎችና ለከበሮዎች ተስማሚ ነው። የውስጥ ዲያሜትር ከሰጡት ደግሞ ባዶ ቱቦ ይሆንና ቧንቧው በውስጡ ሊያልፍ ይችላል። ጥምዝ ዝርግ የሚባለው በዛቢያ ዙሪያ የዞረ ገጽ ሲሆን፣ ራይዘር (ከባሕሩ ወለል ወደ መድረኩ የሚወጣው ቧንቧ) የሚገባበትን የመለከት አፍ የመሰለ መግቢያ ለመሥራት የተዘጋጀ ነው።

አራተኛው ጠለል (ፍጹም ዝርግ የሆነ ገጽ) ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠለል ማለቂያ የለውም፤ የሚሰጡት የርዝመት ቁጥር ለሥዕሉ ብቻ ያገለግላል። ከጠለሉ በስተኋላ ያለው ዓለም ሁሉ ጠንካራ አካል ሆኖ ይቆጠራል። የመርከብ ወለልን በጠለል ከሠሩ፣ ከመርከቡ ኋላ ወጥቶ ወደ ባሕር የተንጠለጠለው ቧንቧ ሁሉ «ከወለሉ በታች» ስለሚሆን በኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ለመርከብ ወለል ሳጥን ይጠቀሙ።

ቅርጹን ከምን ጋር ነው የማያይዘው? አቀማመጡስ እንዴት ይነበባል?

በባሕር ወለል ላይ ከተተከለ አካል ጋር ከሆነ በቋሚ ቦታ ያስሩታል፤ ከመርከብ ወይም ከተንሳፋፊ አካል ጋር ከሆነ ደግሞ ከዚያ አካል ጋር ያያይዙታል። ያን ጊዜ አቀማመጡ የሚነበበው በዚያ አካል መነሻ ነጥብና ዛቢያዎች ነው። መርከቡ ሲንከባለል ቅርጹም አብሮት ይንከባለላል፤ ከገመዱ የሚመጣው ኃይልም በቅርጹ በኩል ወደ ተያያዘበት አካል ይተላለፋል።

አንድ ነገር አስቀድመው ያረጋግጡ። የሳጥን መነሻ ነጥብ አንደኛው ማዕዘኑ እንጂ መሐሉ አይደለም፤ የሲሊንደር መነሻ ደግሞ የአንዱ ጫፍ ክብ መሐል ነው። ሳጥኑን «በመርከቡ መሐል» ያስቀመጡት መስሎዎት ግማሽ ስፋቱን ያህል ወደ አንድ ጎን ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ስሌቱን ከማስጀመርዎ በፊት ሞዴሉን ከጎን፣ ከላይና ከኋላ ይመልከቱት።

መነካካቱ የሚሰላው እንዴት ነው?

ቅርጹን ሞላ (ስፕሪንግ) እንዳለው ፍራሽ ማሰብ ይጠቅማል። አንድ ነገር ወደ ውስጡ ሲገባ፣ ከገጹ ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ ወደ ውጭ ይገፋል። የሚገፋበት ኃይል የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፤ የቅርጹ ግትርነት፣ የሚነካው ስፋትና ዘልቆ የገባበት ጥልቀት። ግትርነቱ የሚለካው በኪሎኒውተን በሜትር ኩብ ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ሜትር ካሬ አንድ ሜትር ሲገባ ስንት ኪሎኒውተን እንደሚመልስ ይናገራል። ከዚህ ውጭ ንዝረትን የሚያበርድ ማርገቢያ መጨመር ይቻላል።

ቧንቧው በስሌቱ ውስጥ በኖዶች (በመገናኛ ነጥቦች) የተያያዙ ክፍልፋዮች ስብስብ ነው፤ ቅርጹን የሚነኩትም ኖዶቹ ብቻ ናቸው። የእያንዳንዱ ኖድ የመነካኪያ ስፋት የቧንቧው ዲያሜትር ኖዱ ከሚወክለው ርዝመት ጋር ሲባዛ የሚገኘው ነው። ዲያሜትሩ 0.3 ሜትር የሆነ፣ ክብደቱ በሜትር 2 ኪሎኒውተን ገደማ የሆነ ቧንቧ በመርከብ ወለል ላይ ተኝቷል እንበል። ክፍልፋዩ 2 ሜትር ቢሆን የኖዱ ስፋት 0.6 ሜትር ካሬ፣ የሚሸከመው ክብደት 4 ኪሎኒውተን ነው። የቅርጹ ግትርነት 1,000 ቢሆን ኖዱ በሜትር 600 ኪሎኒውተን የሚመልስ ሞላ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ ወደ 7 ሚሊሜትር ብቻ ይሰምጣል።

ለግትርነት ምን ቁጥር ልስጥ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ የብረትን እውነተኛ ግትርነት ፈልጎ ማስገባትም የተለመደ ስሕተት ነው። ብረት ከቧንቧው አንጻር ፈጽሞ የማይበገር ነው። ለስሌቱ የሚያስፈልገው ግን ቧንቧው የሚሰምጥበት ጥልቀት ለጥያቄዎ ግድ የማይሰጥ እስኪሆን ድረስ ጠንካራ የሆነ፣ ኮምፒውተሩን የማያስጨንቅ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከጥልቀቱ ተነሥተው ወደ ግትርነቱ ይሂዱ።

ከላይ ያለው 1,000 ተኝቶ ላለ ቧንቧ በቂ ነው። ያው ቧንቧ በ300 ኪሎኒውተን ተወጥሮ ራዲየሱ 3 ሜትር በሆነ ጥምዝ መንሸራተቻ ላይ ሲያልፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። የተወጠረ ቧንቧ ጥምዙን የሚጫንበት ኃይል ውጥረቱ ለራዲየሱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ እዚህ ላይ በእያንዳንዱ ሜትር 100 ኪሎኒውተን ይሆናል። ይህን ለ0.3 ሜትር ዲያሜትር ስናካፍለው በሜትር ካሬ 333 ኪሎኒውተን ግፊት ይሰጣል። በ1,000 ግትርነት ቧንቧው 33 ሴንቲሜትር ይሰምጣል፤ ከራሱ ውፍረት በላይ ማለት ነው! ጥልቀቱ ከ1 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ከፈለግን ግትርነቱ ወደ 33,000 ማደግ አለበት። ሁለቱም ቁጥሮች የተገኙት በአንድ መስመር ስሌት ነው፤ ሲሙሌሽኑን ማስጀመር አላስፈለገም። የክፍልፋዩ ርዝመትም ውጤቱን አይለውጠውም፤ ርዝመቱ ሲያጥር ኃይሉም ስፋቱም እኩል ይቀንሳሉና።

ታዲያ ለምን አንድ ሚሊዮን ብዬ አልገላገልም?

ግትር ሞላ ላይ የተቀመጠ ኖድ እጅግ በፍጥነት ስለሚነዝር ነው። ቧንቧችን በሜትር 200 ኪሎግራም ይመዝናል። በ1,000 ግትርነት የንዝረቱ አንድ ዙር 0.16 ሰከንድ ይፈጃል፤ በ33,000 ወደ 0.028 ሰከንድ ይወርዳል፤ በ1,000,000 ደግሞ 0.005 ሰከንድ ብቻ ይሆናል። ኤክስፕሊሲት በሚባለው የስሌት ዘዴ የጊዜ እርምጃው (ስሌቱ በአንድ ጊዜ ወደፊት የሚራመድበት የጊዜ ርዝመት) ከአጭሩ ዙር አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ይመከራል። በ1,000,000 ይህ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ በታች ነው፤ የሦስት ሰዓት ማዕበልን በእንዲህ ያለ እርምጃ ማስላት ብዙ ጊዜ ይበላል።

ኢምፕሊሲት በሚባለው ዘዴ ረጅም እርምጃ መውሰድ ይቻላል። ነገር ግን እርምጃው ከመነካካቱ ቆይታ በላይ ሲረዝም፣ ኖዱ በአንዱ እርምጃ ከገጹ ውጭ፣ በሚቀጥለው ጥልቅ ውስጥ ይገኝና በሐሰተኛ ኃይል ይወረወራል። ወይም ስሌቱ መልስ ማግኘት ተስኖት ይቆማል። እኔ የምመክረው ቀላል ፈተና አለ። ግትርነቱን በእጥፍ ከፍ አድርገው፣ ከዚያም የጊዜ እርምጃውን በግማሽ ቀንሰው ስሌቱን ይድገሙት። የሚፈልጉት ውጤት (ውጥረት፣ መታጠፍ) ካልተንቀሳቀሰ ቁጥሩ ደህና ነው።

ቧንቧው የሳጥኑን ጠርዝ ቆርጦ ያልፋል። ስሕተቱ የት ነው?

ስሕተቱ በክፍልፋዮቹ ርዝመት ላይ ነው። የሚነኩት ኖዶች ብቻ ስለሆኑ በሁለት ኖዶች መካከል ያለው ቀጥተኛ ክፍል ቅርጹን ሰንጥቆ ቢያልፍም ማንም አይገፋውም። ሹል ጠርዝ በሁለት ኖዶች መካከል ከወደቀ ለስሌቱ የለም ማለት ነው።

በጥምዝ ገጽ ላይ ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሁለት ኖዶች በገጹ ላይ ቢያርፉ፣ የመካከላቸው ቀጥታ መስመር ወደ ቅርጹ የሚገባበት ጥልቀት የርዝመቱ ካሬ ለስምንት እጥፍ ራዲየስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ3 ሜትር መንሸራተቻ ላይ 2 ሜትር ክፍልፋይ ከተጠቀሙ 17 ሴንቲሜትር ይገባል፤ ቧንቧውም በእያንዳንዱ ኖድ ላይ 39 ዲግሪ ይታጠፋል። ይህን መታጠፍ ማንም ማመን የለበትም። ክፍልፋዩን ወደ 0.5 ሜትር ቢያሳጥሩት ጥልቀቱ 1 ሴንቲሜትር፣ መታጠፉ ከ10 ዲግሪ በታች ይሆናል። ማሳጠር የሚያስፈልገው ቅርጹ አጠገብ ብቻ ነው። ቧንቧው በሲሙሌሽኑ ጊዜ የሚንሸራተት ከሆነ ግን የሚንሸራተተውን ርዝመት በሙሉ ያካትቱ። ሹል ጠርዝ ካለ ደግሞ ሳጥኑ ላይ ሲሊንደር ጨምረው ጠርዙን ክብ ያድርጉት፤ እውነተኛው መርከብም ቧንቧ በሚያልፍበት ቦታ ሹል ብረት አይተውም።

ቧንቧው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ተወርውሮ ወጣ። ለምን?

ቅርጹ የሚገፋው ለኖዱ ወደሚቀርበው ገጽ አቅጣጫ ነው። ውፍረቱ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ግድግዳ ውስጥ ኖዱ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ከገባ፣ የሚቀርበው ገጽ የማዶው ይሆናል፤ ስለዚህ በማዶ በኩል ይወጣል። ቀጭን ግድግዳ ባለው ባዶ ሲሊንደር ላይም እንዲሁ ነው፤ ራይዘሩ በማዕበል ሲመታ ከቱቦው ወጥቶ ይገኛል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግድግዳውን ወፍራም ያድርጉት። የእውነተኛው ብረት ውፍረት 20 ሚሊሜትር ቢሆንም ለስሌቱ የሚያስፈልገው ቧንቧው የሚነካው ገጽ በትክክለኛው ቦታ መሆኑ ብቻ ነው። ከዚያ በስተኋላ ሌላ ነገር እስከሌለ ድረስ ግድግዳውን ግማሽ ሜትርም ሆነ ሁለት ሜትር ማድረግ ምንም አያበላሽም። ይህ ካልበቃ ግትርነቱን ይጨምሩ፤ የጊዜ እርምጃውንም ያሳጥሩ።

ቅርጹን ከጨመርኩ በኋላ የስታቲክ ስሌቱ አልጨረስ አለ።

የስታቲክ ስሌት ማለት እንቅስቃሴው ከመጀመሩ በፊት ሞዴሉ ረግቶ የሚቆምበትን ሁኔታ መፈለግ ነው። መጀመሪያ የሚታየው መነሻ ሁኔታው ነው። ካቴናሪ የሚባለው ፈጣን ዘዴ ከቅርጾች ጋር ያለውን መነካካት አይቆጥርም፤ ገመዱን ምንም እንቅፋት እንደሌለ አድርጎ ያንጠለጥለዋል። ከዚያ ሙሉው የስታቲክ ስሌት ሲጀምር ገመዱ ቅርጹ ውስጥ ተቀብሮ፣ ወይም በተሳሳተ በኩል ሆኖ ይገኛል። ገመዱ ከምሰሶው በስተግራ መሆን ሲገባው በስተቀኝ ከጀመረ፣ ስሌቱ መልስ ቢያገኝ እንኳ የሌላ ሞዴል መልስ ነው።

ስለዚህ መነሻውን በስፕላይን ይስጡ፤ ይህም ገመዱ የሚያልፍባቸውን ነጥቦች በእጅ ማመልከት ነው። ነጥቦቹን ከቅርጹ ገጽ ጥቂት ራቅ አድርገው በትክክለኛው በኩል ያስቀምጧቸው። ይህም ካልሠራ ግትርነቱን ለጊዜው ዝቅ አድርገው መልስ ያግኙ፤ ከዚያ በደረጃ ከፍ ያድርጉት።

ሰበቃን መጨመር አለብኝ?

ቧንቧው ወደ ጎን መንሸራተት አለመንሸራተቱ፣ ወይም ከገጹ በፊትና በኋላ ያለው የውጥረት ልዩነት የሚጠየቅ ከሆነ አዎ። የሰበቃ ኃይል ከሰበቃ መጠኑና ከቀጤ ነክ ኃይሉ ብዜት አይበልጥም። እዚያ ጣሪያ ላይ የሚደርሰው ግን በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ኖዱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ከገጹ ጋር ተጣብቆ መቆም ያለበት ቧንቧ በሞዴሉ ውስጥ በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ሲል ቢያዩት አይደንግጡ።

በጥንቃቄ መታየት ያለበት አቅጣጫው ነው። ሰበቃ አንዳንድ ጊዜ ውጥረትን ይቀንሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ይጨምራል። ለአደጋ ተጋላጭ የሆነው ክፍል የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ከፍተኛውን ቁጥር መውሰድ «ጥንቃቄ» አይባልም። በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ያስሉ።

ሁለት ቅርጾች ሲጋጩ፣ ወይም መርከብ ከመድረክ ምሰሶ ጋር ሲነካካስ?

ቅርጾች እርስ በርሳቸው አይገፋፉም። አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ አንዳች ኃይል ያልፋል። ቅርጽ የሚገፋው የገመድና የቧንቧ ኖዶችን እንዲሁም ተንሳፋፊ አካላትን ነው። ባለ ስድስት አቅጣጫ ተንሳፋፊ አካል (በሦስቱም አቅጣጫዎች የሚንቀሳቀስና የሚሽከረከር) ከሆነ የሚነኩት የሥዕሉ ማዕዘኖች ናቸው፤ የሰጡት የመነካኪያ ስፋትም በማዕዘኖቹ መካከል እኩል ይከፋፈላል። ጥቂት ማዕዘኖች ያሉት አካል በሁለቱ ማዕዘኖች መካከል ምሰሶ ቢገባ አይሰማውም፤ ስለዚህ ሊነኩ በሚችሉ ቦታዎች ላይ ማዕዘኖች ይጨምሩ።

ለመርከብና ለመድረክ ግጭት፣ የጎማ መከላከያው በሚገኝበት ቦታ ላይ ትንሽ ተንሳፋፊ አካል ከመርከቡ ጋር አያይዘው ማዕዘኖቹ ቅርጹን እንዲነኩ ማድረግ ይቻላል። መከላከያው ሲጨመቅ የሚመልሰውን ኃይል የሚያሳይ የታወቀ ግራፍ ካለው ደግሞ ሞላና ማርገቢያ ያለው ሊንክ (ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ አካል) ይበልጥ ታማኝ ነው፤ የአምራቹን ሠንጠረዥ በቀጥታ ይቀበላልና።

ለቧንቧ መዘርጊያ መርከብ ሮለሮች (ተንከባላይ ዘንጎች) ሲሊንደሮችን ልደርድር?

ይቻላል፣ ግን አልመክርም። ሮለሮቹ በየጥቂት ሜትሩ ያሉ ጠባብ ድጋፎች ስለሆኑ ኖዱ ከአንዱ ሮለር ወደ ሌላው ሲንሸራተት ድጋፉ ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ውጤቱም በጥርስ የተሞላ ግራፍ ይሆናል። ኦርካፍሌክስ ለዚህ የተለየ የድጋፍ መሣሪያ አለው፤ በእርሱም መነካካቱ የሚሰላው በኖዶች ላይ ሳይወሰን በክፍልፋዩ ርዝመት ሁሉ ነው። ቅርጾችን ለሰፊና ለቀጣይ ገጾች ይተዉ።

በመርከብ መሐል በተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ የሚያልፍ ራይዘር አለኝ። ጠንካራ አካል ነው ወይስ የታሰረ ውኃ የሚያስፈልገኝ?

ሁለቱም፣ በተለያዩ ቅርጾች። በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውኃ ከውጭው ማዕበል ጋር ሳይሆን ከመርከቡ ጋር ይንቀሳቀሳል። ይህን ካልነገሩት ሶፍትዌሩ ራይዘሩን በክፍት ባሕር ማዕበል ይደበድበዋል፤ በመርከቡ ብረት ውስጥ እንዳለ አያውቅምና። የታሰረ ውኃ የሆነው ቅርጽ በውስጡ ላለው ቧንቧ ውኃው ከቅርጹ ጋር እንደ አንድ ወጥ አካል እንደሚንቀሳቀስ አድርጎ ያሰላል። ቧንቧውን ግን አይገፋም።

ግድግዳውን የሚወክለው ሌላው ቅርጽ ነው። ሁለቱን በአንድ መርከብ ላይ፣ በአንድ መጠን አያይዟቸው። ጉድጓዱ ሰፊ ሆኖ በውስጡ ያለው ውኃ ራሱ በከፍተኛ ሁኔታ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን «ከመርከቡ ጋር ይንቀሳቀሳል» የሚለው ግምት ይደክማል፤ ያን ጊዜ ውጤቱን እንደ መጀመሪያ ግምት ብቻ ይያዙት።

የመነካካት ኃይሉ ግራፍ ላይ እንደ መርፌ የቆሙ ከፍታዎች አሉ። ለንድፍ ልጠቀምባቸው?

ከመጠቀምዎ በፊት ይመርምሯቸው። ከፍታው በአንድ የጊዜ እርምጃ ብቻ ተነሥቶ የሚወርድ ከሆነ፣ እርምጃውን ሲያሳጥሩ መጠኑ ይለዋወጣል፤ ይህ የስሌት ጩኸት ነው። እርምጃው ቢያጥርም፣ ክፍልፋዩ ቢያጥርም ከፍታው በዚያው መጠን ከቆየ እውነተኛ ግጭት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የእውነተኛ ግጭት ከፍታ በሰጡት ግትርነት ይወሰናል። ግትርነቱ ሲጨምር የግጭቱ ቆይታ ያጥርና ኃይሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከፍተኛው የግጭት ኃይል ለንድፍ ወሳኝ በሆነበት ሥራ ብቻ የገጹን እውነተኛ ግትርነት፣ ለምሳሌ የጎማውን ወይም የእንጨቱን፣ ፈልጎ ማስገባት ግዴታ ይሆናል።

የአንድ ኖድ ኃይልም ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በክፍልፋዩ ርዝመት ይለወጣል። በገጹ ላይ ያረፉትን ኖዶች ኃይል ይደምሩ፣ ወይም በሜትር ያስሉት። በጥምዝ ገጽ ላይ ከሆነ በሜትር የሚገኘውን ቁጥር ውጥረቱን ለራዲየሱ ሲያካፍሉ ከሚያገኙት ጋር ያስተያዩት። ሁለቱ ተቀራራቢ ካልሆኑ ሞዴሉ ውስጥ መፈለግ ያለበት ነገር አለ። የቧንቧው ክብ መጨፍለቁንና በመነካኪያው ቦታ ላይ የሚፈጠረውን የአካባቢ ውጥረት (ስትረስ) ደግሞ ይህ ዓይነቱ ሞዴል ፈጽሞ አያያቸውም፤ ኃይሉን ከዚህ ወስደው እንደ አባከስ ወይም አንሲስ ባለ ዝርዝር የፋይናይት ኤለመንት (አካሉን በትናንሽ ቁርጥራጮች ከፍሎ የሚያሰላ) ሶፍትዌር ማስላት ያስፈልጋል።